ይትሪየም የሚሰጠውና የሚይዘው፦ ዶፓንት የፕሮቶንን ጉዞ በሴራሚክ ውስጥ እንዴት እንደሚወስን

ደብረ ብርሃን ላይ ለፊዚክስና ለኬሚስትሪ መምህራን፣ ለተማሪዎችና ለላቦራቶሪ ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር ጽሑፍ

ንጹሕ ባሪየም ዚርኮኔት ፕሮቶን አያስተላልፍም ማለት ይቻላል። ከአምስት ዚርኮኒየም አንዱን አውጥታችሁ በቦታው ይትሪየም ስታስገቡ ግን ያው ድንጋይ መሰል ነገር በ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከውሃ እንፋሎት ፕሮቶን ተቀብሎ ከአንዱ ፊቱ ወደ ሌላው ያሻግራል። ይህን ለውጥ ያመጣው፣ ሆን ተብሎ በልክ የሚጨመረው ባዕድ አተም፣ ዶፓንት ይባላል። ፕሮቶኑን ወደ ሴራሚኩ የሚጠራው ዶፓንቱ ነው። ከገባ በኋላ አላንቀሳቅስም ብሎ የሚይዘውም ያው ዶፓንት ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ጥያቄ «ስንት ጨመርን?» የሚለው አይደለም። «የጨመርነው የት ተቀመጠ? ስንት ውሃስ አስገባ?» ነው። ሁለቱም ጥያቄዎች ውድ መሣሪያ ከመነካቱ በፊት በሚዛንና በኤክስሬይ ሊመለሱ የሚችሉ ናቸው።

ጥቅሙን በአጭሩ ልለፈው። ኦክሲጅን አዮን የሚያሻግረው የተለመደው የዚርኮኒያ (የዚርኮኒየም ኦክሳይድ) ኤሌክትሮላይት በአብዛኛው ከ700 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልጋል፤ ፕሮቶን የሚያሻግረው ከ400 እስከ 600 ባለው ውስጥ ይሠራል። ከሃይድሮጅን መብራት ለማመንጨት፣ ከእንፋሎት ሃይድሮጅን ለመለየት፣ ሃይድሮጅንን ከናይትሮጅን ጋር አዋህዶ አሞኒያ ለመሥራት ይሞከርበታል። ገብስና ስንዴ በማዳበሪያ በሚዘራበት አገር አሞኒያን ማንሳት ትርፍ ንግግር አይመስለኝም፤ ዩሪያ የሚሠራው ከአሞኒያ ነውና። የዘርፉ መነሻ እ.ኤ.አ. 1981 ነው። በዚያ ዓመት ጃፓናዊው ሂሮያሱ ኢዋሃራና ባልደረቦቹ ዶፓንት የገባበት ስትሮንቲየም ሴሬት በከፍተኛ ሙቀት ፕሮቶን እንደሚያስተላልፍ አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ሥራው ያተኮረው በሁለት የቅርብ ዘመዶቹ፣ በባሪየም ሴሬትና በባሪየም ዚርኮኔት ላይ ነው።

ክፍት ቦታው፣ ውሃውና ፕሮቶኑ

እነዚህ ኦክሳይዶች ፐሮቭስካይት የሚባለው አደራደር አላቸው። በኩቡ ማዕዘኖች ትልቁ ባሪየም፣ በመሐል ትንሹ ዚርኮኒየም ወይም ሴሪየም፣ በመሐለኛው ዙሪያ ደግሞ ስድስት ኦክሲጅኖች ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ኦክሲጅን በሁለት ዚርኮኒየሞች መካከል ነው። ይህን ልብ በሉት፤ ኋላ ለስሌት ይጠቅመናል።

ዚርኮኒየም ባለ 4 ፖዘቲቭ ነው፤ ይትሪየም ባለ 3። ሁለት ዚርኮኒየም ወጥተው ሁለት ይትሪየም ሲገቡ 2 ፖዘቲቭ ቻርጅ ይጎድላል። ክሪስታሉ ሂሳቡን የሚያወራርደው አንድ ኦክሲጅን በመልቀቅ ነው። ያ ኦክሲጅን የነበረበት ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ ክፍት ቦታ እንበለው። እንፋሎት ሲመጣ የውሃው ሞለኪውል ይከፈላል። ኦክሲጅኑ ክፍት ቦታውን ይሞላል፣ ሁለቱ ፕሮቶኖች ደግሞ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ኦክሲጅን ላይ ይንጠለጠላሉ። ሂሳቡ እንግዲህ ሁለት ይትሪየም፣ አንድ ክፍት ቦታ፣ አንድ ውሃ፣ ሁለት ፕሮቶን ነው። ከዚህ የበለጠ በዚህ መንገድ አይገባም። ከይትሪየሙ ቁጥር በላይ ፕሮቶን አለኝ የሚል ውጤት ካያችሁ ስንጥቅ ውስጥ የቆየ ውሃ ወይም ከገጹ ጋር የተጣበቀ ሃይድሮክሳይድ አለ ማለት ነው።

አሁን አንዲት ቁጥር ያዙልኝ። 20 በመቶ ይትሪየም ያለበት ባሪየም ዚርኮኔት ያለ ውሃ የሞል ክብደቱ 274.5 ግራም ነው። ሙሉ በሙሉ ሲጠጣ በአንድ ሞል 0.1 ሞል ውሃ፣ ማለትም 1.8 ግራም ይገባበታል። ይህ 0.66 በመቶ ነው። 10 ግራም ዱቄት በ900 ዲግሪ በደረቅ ጋዝ አድርቃችሁ፣ ከዚያ በእርጥብ ጋዝ ውስጥ ቀስ ብላችሁ ብታቀዘቅዙት 66 ሚሊግራም መጨመር አለበት። 40 ሚሊግራም ብቻ ከጨመረ ከዶፓንታችሁ 40 በመቶ ያህሉ ሥራውን እየሠራ አይደለም፤ ወይም ዱቄቱ ለመጠጣት ጊዜ አላገኘም። ይህን ሚዛን ያልመዘነ ሰው ስለ አስተላላፊነት የሚያወጣው ግራፍ መሠረቱ አይታወቅም።

ውሃው ሲገባ ሙቀት ይለቃል፤ ለዚርኮኔት በሞል ውሃ ወደ 80 ኪሎጁል፣ ለሴሬት ወደ 160። ሙቀት የሚለቅ ነገር ሲሞቅ ወደ ኋላ ይመለሳልና ከፍ ባለ ሙቀት ውሃው ይወጣል። ሴሬት ውሃውን አጥብቆ ስለሚይዝ ፕሮቶኑን እስከ ከፍተኛ ሙቀት ያቆያል። ጥፋቱ ሌላ ነው፦ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያገኝ ወደ ባሪየም ካርቦኔትና ሴሪየም ኦክሳይድ ይፈርሳል። ዚርኮኔት ይህን ጥቃት በደንብ ይቋቋማል፤ ለመሥራት ግን አስቸጋሪ ነው። ሁለቱን ማደባለቅ የተለመደው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. 2009 የታወቀው ድብልቅ በመሐለኛው ቦታ 0.1 ዚርኮኒየም፣ 0.7 ሴሪየም፣ 0.1 ይትሪየምና 0.1 ይተርቢየም ይዟል።

ጀማን ወርዶ መውጣት

ፕሮቶኑ ከኦክሲጅን ወደ ኦክሲጅን የሚሄደው ኦክሲጅኑን ተሸክሞ አይደለም። በደቦ ካብ ሲካብ ሰዎች ተሰልፈው ድንጋይ ከእጅ ወደ እጅ እንደሚቀባበሉት ነው፤ ሰው ይቆማል፣ ድንጋይ ይሄዳል። ሥራው ሁለት ምዕራፍ አለው። ፕሮቶኑ በያዘው ኦክሲጅን ዙሪያ ይዞራል፤ ይህ ፈጣን ነው። ከዚያ ሁለቱ ኦክሲጅኖች በንዝረታቸው ሲቀራረቡ ወደ ጎረቤቱ ይዘላል፤ የሚያዘገየው ይህ ነው። ስለዚህ ክሪስታሉ ለስላሳ ሆኖ ኦክሲጅኖቹ የሚነቃነቁለት ከሆነ ዝላዩ ይቀላል።

ዶፓንቱ እዚህ ላይ ጣልቃ ይገባል። ባለ 4 መቀመጥ በሚገባው ቦታ ባለ 3 ሲቀመጥ ቦታው ከአካባቢው ጋር ሲነጻጸር አንድ ኔጋቲቭ ቻርጅ እንዳለው ይሆናል። ፕሮቶን ፖዘቲቭ ነውና ይሳባል። ይትሪየም ባለበት ባሪየም ዚርኮኔት ላይ የተደረጉ ልኬቶች እንዳሳዩት፣ ነጻ ሆኖ የሚዘል ፕሮቶን የሚያስፈልገው ጉልበት በሞል 16 ኪሎጁል ገደማ ብቻ ነው። ይትሪየም አጠገብ ያለው ወጥመድ ደግሞ 29 ኪሎጁል ያህል ይጠልቃል። በደጋው ሜዳ ላይ የሚሄድ ሰው ትናንሽ ኮረብታ ቢያጋጥመው ያልፋል። ወደ ዓለም ከተማ ሊሻገር ሲነሳ ግን የጀማ ወንዝን ሸለቆ መውረድና መውጣት ግድ ይሆንበታል። ፕሮቶኑም ከይትሪየሙ ገደል ለመውጣት 29 ተጨምሮበት 16፣ በድምሩ 45 ኪሎጁል ያስፈልገዋል። በብዙ ላቦራቶሪዎች ከግራፍ ላይ የሚነበበው የማስነሻ ጉልበት ወደዚህ የሚጠጋው ጉዞው በገደሎቹ ስለሚወሰን ነው።

የወጥመዱን ክብደት በቁጥር እንየው። በ500 ዲግሪ አንድ ባዶ የወጥመድ ቦታ ከአንድ ነጻ ቦታ ይልቅ ፕሮቶን የመያዝ ዕድሉ 90 እጥፍ ያህል ነው። በ200 ዲግሪ 1,600 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ከዚህ የተነሳ ሙቀት ሲቀንስ አስተላላፊነቱ የሚወድቀው ዝላዩ ስለከበደ ብቻ አይደለም፤ ነጻ የሆኑት ፕሮቶኖች ቁጥርም ስለሚመነምን ነው። ሙቀቱ በጣም ሲጨምር ደግሞ ፕሮቶኖቹ ነጻ ቢወጡም ውሃው ራሱ ከክሪስታሉ ይሸሻል። በሁለቱ መካከል ያለው የሥራ ሜዳ፣ ከ400 እስከ 600 ዲግሪ፣ የተገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ስንት እንጨምር? ከላይ ልብ በሉ ያልኩትን አሁን እንጠቀምበት። እያንዳንዱ ኦክሲጅን ሁለት የመሐል አተሞች ጎረቤቶች አሉት። ይትሪየሙ እንዲያው በዘፈቀደ ቢበተን፣ በ10 በመቶ ከኦክሲጅኖቹ 81 በመቶው ይትሪየም አይነካቸውም። በ20 በመቶ ወደ 64 ይወርዳል፤ በ30 በመቶ 49 ብቻ ይቀራል። በሁለት ይትሪየሞች መካከል የተያዘው ኦክሲጅን በ10 በመቶ ላይ ከመቶ አንድ ነበር፣ በ20 አራት ይሆናል፣ በ30 ዘጠኝ። እንግዲህ ዶፓንት በጨመርን ቁጥር ተጓዡ ይበዛል፣ ገደሉም ይበዛል። ለይትሪየም በባሪየም ዚርኮኔት ጥሩ ውጤት የሚሰጠው 20 በመቶ አካባቢ ሆኖ የቆየው ይህ ሚዛን ስላለ ነው።

ይሁንና «ሲበዛ መጥፎ ነው» ብሎ መደምደም ስህተት ነው። ገደሎቹ እርስ በርሳቸው ከተያያዙ ሸለቆው ራሱ መንገድ ይሆናል፤ ወንዝ ተከትሎ የሚሄድ ሰው ዳገት አይወጣም። ዶፓንቶቹ በቂ ሆነው ሰንሰለት ሲሠሩ ፕሮቶኑ ከወጥመድ ወደ ወጥመድ፣ ወደ ሜዳው ሳይወጣ ይሻገራል። በቀላል ኩባዊ አደራደር ውስጥ በዘፈቀደ የተበተኑ አተሞች ከዳር እስከ ዳር የሚገናኙት ድርሻቸው 31 በመቶ ገደማ ሲደርስ ነው። በቅርብ ዓመታት ስካንዲየም 70 በመቶ የገባበት ባሪየም ስታኔት በ300 ዲግሪ በሴንቲሜትር ከ0.01 ሲመንስ በላይ ማስተላለፉ ተዘግቧል። ይህ ሐሳብ ገና ብዙ የሚያሠራ ይመስለኛል። ግን ይህን ያህል ዶፓንት ሳይለያይ የሚሸከም አስተናጋጅ ክሪስታል ማግኘት ቀላል አይደለም። በሌላው ጫፍ ያለው ላንታነም ኒዮቤት ካልሲየም ከ1 በመቶ ገደማ በላይ አይቀበልም፤ ፕሮቶን ቢያስተላልፍም ተጓዡ ስለሚያንስ አስተላላፊነቱ ዝቅተኛ ነው።

መጠኑ የሚገጥም ሁሉ አይሻልም

ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። የአዮኖቹን ራዲየስ ስናይ ዚርኮኒየም 72 ፒኮሜትር፣ ስካንዲየም 74.5፣ ኢንዲየም 80፣ ይትሪየም 90 ነው። መጠን ብቻ ቢሆን ስካንዲየም በአንደኛነት ይመረጥ ነበር። ግን በተለመደው የ10 እና የ20 በመቶ መጠን ይትሪየም ያለበት ዚርኮኔት ፕሮቶንን የተሻለ ያስኬዳል። ምክንያቱ ኬሚስትሪው ነው። ይትሪየም ክሪስታሉን ቢገፋም በዙሪያው ያሉትን ኦክሲጅኖች ፕሮቶን የመሳብ ዝንባሌ ብዙም አይለውጥም። ስካንዲየምና ኢንዲየም ግን ይለውጡታል፤ አጠገባቸው ያለው ኦክሲጅን ከሩቁ የተለየ ይሆንና ጉዞው ይሻክራል።

በሴሬት ላይ ሴሪየም ራሱ 87 ፒኮሜትር ስለሆነ ይተርቢየም በ86.8፣ ይትሪየም በ90፣ ጋዶሊኒየም በ93.8 ይመቹታል። ወደ ላንታነምና ኒዮዲሚየም ስንጠጋ ግን አዮኑ ትልቅ ስለሚሆን ከፊሉ የባሪየምን ቦታ መያዝ ይጀምራል። ባሪየም ባለ 2 ነው። ባለ 3 አዮን እዚያ ሲቀመጥ ክፍት ቦታ መፍጠሩ ይቀርና የተፈጠረውን ይዘጋል። አንድ የተሳሳተ አተም ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ ከሥራ ቦታው ጠፍቷል፣ በተቀመጠበትም ያፈርሳል።

ይህ ችግር ትልልቅ አዮኖች ላይ ብቻ የሚታይ ቢሆን መልካም ነበር። ይትሪየምም ባሪየም ሲጎድል ያደርገዋል፤ ባሪየም የሚጎድለው ደግሞ በእኛው እጅ፣ በምድጃ ውስጥ ነው። ሂሳቡ እንዲህ ነው። 20 በመቶ ይትሪየም ካለበት ናሙና ላይ ባሪየም 3 በመቶ ቢተንና ይትሪየሙ ጉድለቱን ቢሞላ፣ ክፍት ቦታው በ14 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። 3 በመቶ ባሪየም ማጣት በ1,650 ዲግሪ ያለ ጥንቃቄ ለ24 ሰዓት ለተጋገረ ቀጭን ናሙና ብርቅ ነገር አይደለም።

አሠራሩ

27.45 ግራም ምርት፣ ማለትም 0.1 ሞል፣ ለማግኘት የሚመዘነው 19.734 ግራም ባሪየም ካርቦኔት፣ 9.858 ግራም ዚርኮኒየም ኦክሳይድና 2.258 ግራም ይትሪየም ኦክሳይድ ነው። ድምሩ 31.850 ሆኖ 4.40 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ቁጥሩ ልክ የሚሆነው ዱቄቶቹ ደረቅ ሲሆኑ ነው። ይትሪየም ኦክሳይድ በዕቃው ውስጥ ተቀምጦ ከአየር እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስዳል፤ ከመመዘኑ በፊት በ900 ወይም በ1,000 ዲግሪ ይቃጠል፣ ሳይቀዘቅዝ ወደ ማድረቂያ ማሰሮ ይግባ። ባሪየም ካርቦኔቱ በ200 ዲግሪ ቢያድር ይበቃዋል። ዚርኮኒየም ኦክሳይድ ደግሞ ብዙ ጊዜ 2 በመቶ ገደማ ሃፍኒየም ኦክሳይድ አብሮት ይመጣል። ሃፍኒየም ቻርጁም መጠኑም ከዚርኮኒየም ጋር ስለሚመሳሰል ፕሮቶኑን አይጎዳም፤ ክብደቱ ግን ይለያልና ካልታሰበ ዚርኮኒየሙና ሃፍኒየሙ ተደምረው ከሚፈለገው በ0.8 በመቶ ገደማ ያንሳሉ።

መፍጨቱ በዚርኮኒያ ኳሶች፣ በኢታኖል ውስጥ፣ ለ24 ሰዓት ነው። የአሉሚና ኳስና የአሉሚና ሙቀጫ አትጠቀሙ። ከአሉሚና የሚረግፈው ትንሽ ነገር ባሪየሙን ይዞ ባሪየም አሉሚኔት ይሆናል፤ ያ የሚሰበሰበው ደግሞ በቅንጣቶች ድንበር ላይ ነው። በምድጃም እንዲሁ ነው፤ ናሙናው የአሉሚና ሳህን መንካት የለበትም። ዱቄቱ በ1,200 ወይም በ1,300 ዲግሪ ለ10 ሰዓት ይቃጠልና በኤክስሬይ ይታያል። የካርቦኔት ምልክት ከቀረ ተፈጭቶ ይደገማል። «ኋላ ሲጋገር ይጠፋል» ብሎ ማለፍ አይጠቅምም፤ ከውስጥ የሚወጣው ጋዝ ፔሌቱን፣ ማለትም ከዱቄቱ ተጭኖ የሚሠራውን ክብ ናሙና፣ ይነፋዋል።

ፔሌቱ በ13 ሚሊሜትር ቅርጽ ማውጫ ይጫናል። 100 ሜጋፓስካል ለማግኘት 1.35 ቶን ገደማ ይበቃል። ከዚያ በላይ በአንድ አቅጣጫ መጫን ቆብ እንደሚነሳ ዓይነት ንጣፍ ስንጥቅ ያመጣል፤ ተጨማሪ ግፊት ከሁሉም አቅጣጫ በፈሳሽ ውስጥ ቢሰጥ ይሻላል።

ሲንተር ማድረጉ፣ ማለትም ዱቄቱን ሳያቀልጡ በሙቀት ጋግሮ ማጥበቁ፣ የዚህ ሥራ ከባዱ ክፍል ነው። ረዳት ኦክሳይድ ሳይጨመርበት ባሪየም ዚርኮኔት የሚጠብቀው ከ1,600 እስከ 1,700 ዲግሪ ባለው ውስጥ፣ ለ24 ሰዓት ያህል ሲቆይ ነው። ፔሌቱ ከራሱ ጋር አንድ ዓይነት በሆነ ዱቄት ውስጥ ይቀበራል፤ ዱቄቱ ላይ 10 በመቶ ገደማ ትርፍ ባሪየም ካርቦኔት ይደባለቅበታል፣ ክሩሲብሉም ይከደናል። ዱቄቱ ከፔሌቱ ቀድሞ ባሪየም ይተንና አየሩን በባሪየም እንፋሎት ይሞላዋል። ይህ ዱቄት ለሁለተኛ ዙር አይሆንም፤ ባሪየሙ አልቋል። በጋገራው መሐል መብራት ከጠፋም የቀረውን ሰዓት ብቻ ቆጥሮ መቀጠል አያዋጣም። ፔሌቱ ይውጣ፣ ይመዘን፣ በአዲስ ዱቄት ይቀበር። የሚመዘንበት ምክንያት ቀላል ነው፦ 3 በመቶ ባሪየም ኦክሳይድ ማጣት በ1 ግራም ፔሌት ላይ 17 ሚሊግራም ይሆናል፤ ተራ የላቦራቶሪ ሚዛን ያየዋል። ንጽጽሩ ትክክል የሚሆነው ግን ሁለቱም ጊዜ ውሃውና ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በ1,000 ዲግሪ ከወጡ በኋላ ከተመዘነ ነው።

እንዲህ ያለ ምድጃ በሌለበት ረዳት ይጨመራል። ከ1 እስከ 2 በመቶ ኒኬል ኦክሳይድ ሙቀቱን ወደ 1,400 እና 1,500 ያወርደዋል፤ 4 በመቶ ዚንክ ኦክሳይድ እስከ 1,300። ኒኬሉ የሚረዳው ከባሪየምና ከይትሪየም ጋር ተዋህዶ የሚቀልጥ ውህድ ስለሚፈጥር ነው። ዋጋውም እዚያው ላይ አለ። ያ ውህድ ይትሪየሙን ከክሪስታሉ ውስጥ ይወስዳል፣ የቀረው ኒኬልም የሚጠጣውን ውሃ ይቀንሳል። ምድጃው 1,650 መድረስ ከቻለ ያለ ረዳት መሥራትን እመርጣለሁ፤ ካልቻለ ኒኬሉን ከ1 በመቶ አለማሳለፍ።

የተጋገረው ፔሌት ጥብቀቱ ቢያንስ 95 በመቶ፣ ማለትም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 5.8 ግራም ገደማ ይሁን። በኤክስሬይ ደግሞ የኩቡን ጎን ለኩ። ንጹሑ 419 ፒኮሜትር ነው፤ 20 በመቶ ይትሪየም በትክክለኛው ቦታ ሲቀመጥ ወደ 422 አካባቢ ይሰፋል። ካልሰፋ ይትሪየሙ ወደ ባሪየም ቦታ ሸሽቷል ወይም ከክሪስታሉ ወጥቷል። ምልክቶቹ ትከሻ ካወጡ ይትሪየም የበዛበትና ያነሰበት ክፍል ጎን ለጎን አለ ማለት ነው፤ በ10 በመቶ ናሙና ላይ ይህ ይዘወተራል።

የደብረ ብርሃን አየር

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የአየር ግፊቱ 72 ኪሎፓስካል ያህል ነው፤ ውሃ የሚፈላው ከ91 ዲግሪ በታች ነው። በባሕር ጠለል ላይ የተጻፈ መመሪያ «ጋዙን በ25 ዲግሪ ውሃ ውስጥ አሳልፉ፣ 3 በመቶ እንፋሎት ታገኛላችሁ» ይላል። እዚህ ያው ውሃ 4.4 በመቶ ይሰጣል። ሴራሚኩ የሚያውቀው ግን መቶኛውን አይደለም፤ የእንፋሎቱን ግፊት ነው። እሱ በሁለቱም ቦታ 3.17 ኪሎፓስካል ነው፤ በውሃው ሙቀት ብቻ ይወሰናል። በመዝገባችሁ ላይ መቶኛ አትጻፉ፣ ኪሎፓስካል ጻፉ።

ትልቁ ስህተት የሚመጣው ከብርዱ ነው። በውርጭ ወራት ጠዋት ክፍሉ 10 ዲግሪ ሆኖ ውሃውም 10 ዲግሪ ከሆነ የሚሰጠው 1.23 ኪሎፓስካል ብቻ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ 20 ሲደርስ 2.34 ይሆናል። ናሙናው በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ዓይነት እርጥበት አየ ማለት ነው። ውሃውን በማሞቂያ 25 ላይ ማቆየትም ብቻውን አይበቃም፤ ቧንቧው በ10 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ካለፈ እንፋሎቱ እዚያው ይጤዝና ወደ ምድጃው የሚገባው 1.23 ይሆናል። ቧንቧው በማሞቂያ ጥቅል ይጠቅለል። ያ ከሌለ ከውሃው ዕቃ ውጭ በረዶና ውሃ ደባልቃችሁ አስቀምጡ። 0 ዲግሪ 0.61 ኪሎፓስካል ይሰጣል፤ ትንሽ ነው፣ ግን ቀኑን ሙሉ አይናወጥም። የማይናወጥ ትንሽ እርጥበት ከሚዋዥቅ ብዙ እርጥበት ይበልጣል።

ከፍታው ሌላም ነገር ይነካል። በአየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅን እዚህ 15 ኪሎፓስካል ነው፤ በባሕር ጠለል 21። በከፍተኛ ሙቀት ኦክሲጅን ክፍት ቦታውን ራሱ ሞልቶ የኤሌክትሮን ጉድለት ይፈጥራል፤ ያ ጉድለት ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ እንደ ፕሮቶን ሊቆጠር ይችላል። መጠኑ ከኦክሲጅን ግፊት አራተኛ ሥር ጋር ስለሚሄድ እዚህ በ8 በመቶ ያህል ያንሳል። በአየር የተለካውን ከውጭ ከታተመ ቁጥር ጋር ስታነጻጽሩ አስቡበት። ከ600 ዲግሪ በላይ በአየር ለክቶ «የፕሮቶን አስተላላፊነት» ማለት አይቻልም፤ በእርጥብ አርጎን ይደገም።

ስትለኩ የሚታየው

ልኬቱ የሚደረገው በሁለቱም ፊት ብር ወይም ፕላቲነም ተቀብቶ በኢምፒዳንስ፣ ማለትም ድግግሞሹ እየተቀያየረ በሚሰጥ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ፣ ነው። ከ100 እስከ 250 ዲግሪ ባለው ውስጥ በግራፉ ላይ ሁለት ግማሽ ክበቦች ይለያሉ። ካፓሲታንሱ በ10 ፒኮፋራድ አካባቢ ያለው የቅንጣቱ ውስጥ ነው፤ በናኖፋራድ አካባቢ ያለው የቅንጣቶች ድንበር ነው። በማይክሮፋራድ የሚታየው ኤሌክትሮዱ ነው፣ ለናሙናው አትቁጠሩት። ከ400 ዲግሪ በላይ ሁለቱ ይቀላቀሉና ድምሩ ብቻ ይቀራል። ስለ ዶፓንት ወጥመድ የሚናገረው የመጀመሪያው ክበብ ነው። ድምሩን ይዞ «ስካንዲየም ከይትሪየም ይሻላል» ማለት ስለ ጋገራው ነው የሚናገረው።

ድንበሩ ጣርማ በርን ይመስላል። ሜዳው የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው ሁሉ በዋሻው ያልፋል። በሁለት ክሪስታል ቅንጣቶች መካከል ያለው ቀጭን ንብር ፖዘቲቭ ቻርጅ ያጠራቅማል፤ በአጠገቡ ያሉት ፕሮቶኖች ይገፋሉ፣ ለሥራ የሚቀር ተጓዥ ያንሳል። በዚርኮኔት የድንበሩ አስተላላፊነት ከውስጡ ከመቶ እስከ አሥር ሺህ እጥፍ ሊያንስ ይችላል። መፍትሔው ደግሞ ወደ ዶፓንቱ ይመልሰናል። ይትሪየም በከፍተኛ ሙቀት ብዙ ሲቆይ ወደ ድንበሩ ይሰደዳል፤ በዚያ የሚይዘው ኔጋቲቭ ቻርጅ ፖዘቲቩን ከፊል ያረክሰዋልና በሩ ይከፈታል። በክሪስታሉ ውስጥ ወጥመድ የነበረው በድንበሩ ላይ ረዳት ይሆናል። ረጅም ጋገራ ሌላም ጥቅም አለው፦ ቅንጣቶቹ ስለሚያድጉ በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ የሚቆረጠው ድንበር ቁጥር ይቀንሳል።

የተሸጋገረው በእውነት ፕሮቶን ስለመሆኑ ማረጋገጫው ከባድ ውሃ ነው። ተራውን ውሃ በከባድ ውሃ ቀይራችሁ ስትለኩ ዲዩትሪየም ከፕሮቶን ሁለት እጥፍ ስለሚከብድ አስተላላፊነቱ ቢያንስ በ1.4 እጥፍ ገደማ ይወርዳል። ካልወረደ የሚሄደው ሌላ ነገር ነው፤ ኦክሲጅን ወይም የኤሌክትሮን ጉድለት።

ናሙናው በእርጥብ ጋዝ ውስጥ ከ600 ወደ 300 ሲወርድ በደቂቃ 1 ዲግሪ ያህል ይሁን። ውሃ ሲገባ ክሪስታሉ ይሰፋል። በፍጥነት ከቀዘቀዘ ገጹ ጠጥቶ ሲሰፋ ውስጡ ደረቅ ይቀራልና ይሰነጠቃል፤ በሴሬት ላይ ይብሳል። ስንጥቁ በኢምፒዳንስ ላይ ድንበር መስሎ ይታያል። ስለዚህ ኤክስሬዩ 422 ያሳየ፣ ሚዛኑ 0.6 በመቶ የመዘገበ፣ የመጀመሪያው ክበብ ጥሩ የሆነ፣ ሁለተኛው ግን ያበጠ ናሙና ሲገጥማችሁ የዶፓንቱን ዓይነት ለመቀየር አትቸኩሉ። ናሙናውን በደረቅ ጋዝ ወደ 600 መልሱት፣ ቀስ ብላችሁ አውርዱትና እንደገና ለኩት። ሁለተኛው ክበብ በእያንዳንዱ ዙር እየሰፋ ከሄደ ስንጥቅ ነው። ባለበት ከቆየ ድንበር ነው፤ ቀጣዩን ፔሌት በአዲስ ዱቄት ቀብራችሁ ረዘም ላለ ሰዓት ጋግሩት።